አማካሪው የማን ሰው ነው? የጋፋት ባለ እጆችና ያልተጻፈው ውል

ከደብረ ታቦር ከተማ ወጣ ብሎ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ። የአገሩ ሰው እንግዳ ሲያስጎበኝ «ሴባስቶፖል የተሠራው እዚህ ነው» ይላል፤ ወሬውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ላይ ያበቃል። መድፉ ትልቅ ነበር፣ ንጉሡ ቆራጥ ነበሩ፣ ፈረንጆቹ ተገደው ሠሩት። እኔ ዛሬ መድፉን ትቼ ስለ ሰዎቹ ውል ማውራት ፈለግሁ። ስላልነበረው ውል ማለቴ ነው።

ለምን አሁን ትሉኝ ይሆናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሊገዛ ለታሰበው ዕቃ የፍላጎት መግለጫውን ያዘጋጀው ለስድስት ወር በ«ጊዜያዊ አማካሪነት» የመጣ ባለሙያ ነው። ደመወዙን የሚከፍለው የመጣበት ድርጅት ነው፤ ድርጅቱ ደግሞ የዚያው ዕቃ አቅራቢ ነው። ጨረታው ሲከፈት መግለጫውን አሟልቶ የተገኘው ማን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም። ሰውየው ሌባ አልነበረም። የሚያውቀውን ዕቃ ነው የጻፈው። ከእኛ መካከል «አንተ የማን ሰው ነህ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም፣ እኔም ጭምር። ከስብሰባው ስወጣ ትዝ ያለኝ ጋፋት ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ደረስጌ ማርያም ከነገሡ በኋላ ከአውሮጳ አጥብቀው የሚፈልጉት ባለ እጅ ነበር። በዚያው ሰሞን በኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ጳጳስ የነበረው ሳሙኤል ጎባ፣ ቀድሞ በ1830ዎቹ ጎንደር ተቀምጦ አገሩን ያየ ሰው ነውና፣ አንድ ዘዴ አሰበ። ሰባኪ ብቻ ብልክ አይቀበሉኝም፤ እጁ ሥራ የሚያውቅ ሰባኪ ብልክስ? ከስዊስ ከተማ ከባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪስኾና የሚስዮን ትምህርት ቤት ወጣቶች ተመርጠው መጡ። ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንስለን በመጀመሪያ፣ ዋልድማየርና ዛልሙለር ቆየት ብለው። ከእነሱ ጋር ከሚስዮኑ ያልመጡም ተቀላቀሉ። ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎ የዚህ ወገን ናቸው።

ነገሩ ከሥሩ የተወላገደው እዚህ ላይ ነው። ላኪው ወንጌል እንዲሰብኩ ላከ፤ እጃቸው መግቢያ እንዲሆናቸው። ተቀባዩ እጃቸውን ፈለገ፤ ስብከታቸውን እንደ ጓዝ ቆጠረው። ሁለቱም ወገን የፈለገውን ልቡ ውስጥ ይዞ፣ ሳይነጋገር፣ ተጨባበጠ። ሰዎቹ ሁለት ጌታ ያላቸው ሆነው ጋፋት ሰፈሩ።

በመጀመሪያ የመንገድ ሥራ ነበር። ከዚያ መድፍ መጣ። ሰዎቹ መድፍ ማቅለጥ አናውቅም አሉ፤ እውነታቸውን ነበር፣ አብዛኞቹ ተራ የእጅ ሥራ የተማሩ ናቸው። ንጉሡ ግን «አናውቅም» የሚለውን መልስ ዕውቀትን መደበቅ አድርገው ወሰዱት። ለአማካሪ ከዚህ የከፋ ቦታ የለም። ምን እንደሚችል ቀድሞ ስላልተጻፈ፣ አልችልም ሲል እምቢ ያለ ይመስላል። ሞከሩ፣ ከሸፈ፣ ደግመው ሞከሩ፣ በመጨረሻም ሆነላቸው። ሲሆንላቸው ብር፣ በቅሎ፣ የሐር ልብስ ወረደላቸው። ደመወዝ አልነበረም፤ ሽልማት ነበር። ሽልማት ደግሞ የሰጪው ፊት ሲበራ ይመጣል፣ ሲጠቁር ይቀራል።

የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ሥርዓት አልባ ነበር የሚለኝ ካለ አልስማማም። ለእያንዳንዱ ሹመት የተለመደ ግዴታና ወሰን ነበረው። እንግሊዛዊውን ጆን ቤልን ተመልከቱ። ሊቀ መኳስ ተብሎ ተሾመ። ሊቀ መኳስ ማለት በጦር ሜዳ እንደ ንጉሡ ለብሶ ጠላትን የሚያደናግር ባለሟል ነው፤ ምን እንደሚጠበቅበት እሱም ሠራዊቱም ያውቃል። ቤል በ1860 ለንጉሡ ሲል በውጊያ ወደቀ። ማንም «የእንግሊዝ ሰው ነው» ብሎ አልጠረጠረውም። ለጋፋቶቹ ግን ልክ የሚሆን የቆየ ወንበር አልነበረም። ሹም አይደሉም፣ ነጋዴ አይደሉም፣ ካህን አይደሉም፣ ጭሰኛም አይደሉም። ክፍተቱን የሞላው ጋብቻ ነው። ዋልድማየርና ዛልሙለር የቤልን ልጆች አገቡ። ዝምድና የውልን ቦታ ተካ። ይህን ነገር ዛሬም በመሥሪያ ቤቶቻችን አላየሁትም ብል እዋሻለሁ።

ሌላው ሳይነሣ የሚታለፍ ጉዳይ የአገሬው ባለ እጅ ነው። በጎንደርና በበጌምድር ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ብር የሚያነጥር ሰው ሞልቶ ነበር። «ጠይብ» እየተባለ የሚናቅ፣ «ቡዳ» እየተባለ የሚሸሽ። ቴዎድሮስ ባለ እጅን ከፊታቸው አስቀምጠው ማክበራቸው በዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር፤ ሆኖም ክብሩ ያረፈው በፈረንጁ ላይ ነው። በጋፋት ኢትዮጵያውያን በሥራው ተሠማርተዋል፣ ትምህርት ቤትም ተከፍቶ ነበር። ነገር ግን ባለሙያው ሲሄድ ሥራውን ማን ይረከባል የሚለው ተለይቶ አልተቀመጠም። ማን ይሄዳል ብሎ ያሰበ የለምና።

በ1864 መጀመሪያ ላይ የእንግሊዙ ቆንሲል ካሜሮን ታሰረ። መነሻው፣ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የተላከው ደብዳቤ መልስ ማጣቱ ነው፤ ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ብዙ የማይነገርለት በ1866 የሆነው ነው። ቴዎድሮስ ፍላድን ወደ ለንደን ላኩት፤ ባለ እጆችና መሣሪያ ይዞ እንዲመጣ። ሚስቱና ልጆቹ እዚሁ ቀሩ። እንግሊዝም ባለ እጆቹን ቀጥራ፣ ዕቃውን ጭና ምጽዋ አደረሰች፤ እስረኞቹ ካልተፈቱ ግን አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አይገቡም አለች። ንጉሡ ባለ እጆቹ ካልመጡ አልፈታም አሉ። ባለሙያዎቹ ምጽዋ ሙቀት ላይ ተቀምጠው ከረሙና ተመለሱ። እንግዲህ አስቡት። ከዚህ በኩል ቤተሰብ መያዣ፣ ከዚያ በኩል ዕውቀት መያዣ። የባለሙያ ቅጥር የፖለቲካ እጅ መጠምዘዣ ሲሆን መጨረሻው እንዲህ ነው።

በ1867 የጋፋት ሰዎች ከሰፈራቸው ተነሥተው ደብረ ታቦር በጥበቃ ሥር ዋሉ። ትናንት ሐር የለበሱት ማለት ነው። ሴባስቶፖል፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው፣ በዚያው ዓመት ተሠራና በጥቅምት ወር ጉዞ ወደ መቅደላ ተጀመረ። መንገዱ በፊት በፊት እየተቆረጠ፣ መድፉ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ በዋድላና ደላንታ አልፎ በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት 1868 ነው። በሚያዝያ ሁሉ ነገር አለቀ። የጄኔራል ናፒየር ጦር ሲወጣ አውሮጳውያኑም አብረው ወጡ። የጋፋት ምድጃ ጠፋ። ዐፄ ዮሐንስ በተራቸው ደብረ ታቦር ላይ ሲቀመጡ ከጋፋት የወረሱት የሚሠራ ፋብሪካ አልነበረም። ከሰባት ዓመት በላይ የተለፋበት ዕውቀት በበቅሎ ተጭኖ ወደ ባሕር ዳርቻ ወረደ።

ቴዎድሮስ ጨካኝ ስለነበሩ ነው የሚል አይጠፋም። ጭካኔው አይካድም። ግን ደግ ንጉሥ ቢሆኑስ? ለዚህ መልሱ ዐፄ ምኒልክ ናቸው።

ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1879 አንኮበር ገባ። ሰው «ሙሴ ኢልግ» ይለዋል። ከጫማ እስከ ድልድይ፣ ከድልድይ እስከ ቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ውኃ የእሱ እጅ አለበት። ምኒልክ አላሰሩትም፣ አላስፈራሩትም፤ ወደዱት፣ አመኑት። ኢልግ ግን ነጋዴም ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ሐረር ላይ ንግድ በያዘበት ዘመን ከኢልግ ጋር ስለ ሸቀጥና ሒሳብ ይጻጻፉ ነበር። በመጋቢት 1894 ምኒልክ የጅቡቲን ባቡር መንገድ የመሥራት መብት ለ99 ዓመት ሰጡት፤ ለኢልግ፣ ለራሱ። በ1896 ከፈረንሳዊው ሸፍኔ ጋር ኩባንያው ቆመ። በ1897 ደግሞ ኢልግ የመንግሥት አማካሪ ተብሎ በይፋ ተሾመ፤ የውጭ ጉዳዩ ሁሉ በእጁ አለፈ።

ያ ስብሰባ ትዝ አይላችሁም? የባቡሩ ባለ መብትና ስለ ባቡሩ ንጉሡን የሚያማክረው አንድ ሰው ነው። ኩባንያው ገንዘብ ሲያጥረው ወደ ፓሪስ ዞረ፤ በየካቲት 1902 የፈረንሳይ መንግሥት በድጎማ ስም ገባበትና ባቡሩ የኩባንያ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የመንግሥታት ጉዳይ ሆነ። ምኒልክ ተቆጡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሐዲዱ ድሬዳዋ ሲደርስ የደስታው በዓል እንደታሰበው ድምቅ አላለም፤ አዲስ አበባ የገባው ገና በ1917 ነው። ኢልግ ምኒልክን ከዳ አልልም፤ ብዙ ጊዜ ለኢትዮጵያ ከልቡ ተከራክሯል። ነገር ግን በ1902 ንጉሡ «እንግዲህ ምን ይሻላል?» ብለው ዞር ሲሉ፣ ከጥቅም ነፃ ሆኖ የሚመልስላቸው አማካሪ አጠገባቸው አልነበረም። የጥፋቱ መጠን ይህ ነው፤ የተሰረቀ ብር ሳይሆን የጠፋ ምክር።

ሌላም አንድ እንጨምር። ከጣልያን በኋላ በጥር 1942 ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ስምምነት እንግሊዝ ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ድጎማም አማካሪም ሰጠች። ከዚያ ውጭ ሌላ አማካሪ ለመሾም ግን ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር መመካከር ግዴታ ሆነ። እዚህ ላይ በመጨረሻ የተጻፈ ውል አለ፤ የተጻፈው ግን በከፋዩ እጅ ነው። በታኅሣሥ 1944 አዲስ ስምምነት እስኪተካው ድረስ ጃንሆይ ከዚያ ማነቆ ለመውጣት ምን ያህል እንደታገሉ የዘመኑን የዲፕሎማሲ ታሪክ ያነበበ ያውቀዋል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ከትላልቅ ኩባንያዎች ሰው እየወሰዱ በዓመት አንድ ዶላር ብቻ እየከፈሉ አሠርተዋል። የቀድሞ ደመወዛቸውን ኩባንያቸው ይከፍላል። በጥር 1942 የሴናተር ትሩማን ኮሚቴ ይህን አሠራር ክፉኛ ተቸ፤ ሰውየው ባያውቀውም ልቡ ከሚከፍለው ጋር ነው የሚል ነበር ነገሩ። በ1962 ሕግ ወጣ። ከውጭ የሚመጣ ጊዜያዊ ባለሙያ በ365 ቀን ውስጥ ከ130 ቀን በላይ እንዲያገለግል ታስቦ ከሆነ ጊዜያዊ አይባልም፤ በ130ው ውስጥ ያለውም ቢሆን የራሱ የገንዘብ ጥቅም ባለበት ጉዳይ እጁን እንዳያስገባ ሕጉ ይከለክለዋል። ሕጉ ሁልጊዜ ተከብሯል አልልም። ቢያንስ ግን ቁጥር አለ፤ ከሳሽ ጣቱን የሚያሳርፍበት።

በእኛ አገር የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 አለ፤ ቁጥሩ እንደሚያሳየው በ2002 ዓ.ም. የወጣ ነው። አዋጁ ተሿሚ፣ ተመራጭና የመንግሥት ሠራተኛ እያለ ነው የሚጠራው። ከኩባንያ ተውሶ የመጣው ሰውዬ ራሱን ከሦስቱ የትኛው ውስጥ ያገኛል? ተሿሚ አይደለሁም ይላል። አልተመረጠም። ደመወዙ ከመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ የለም። ጋፋት ላይ የነበረው ክፍተት ይኸው ነው፤ የወንበር ስም የሌለው ሰው።

እኔ ብጠየቅ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ከፋዩን ነው። አማካሪው በመንግሥት ወንበር ላይ እስከተቀመጠ ድረስ፣ አንድ ሺህ ብርም ቢሆን፣ ደመወዙ ከመንግሥት ይምጣ፤ ከድርጅቱ የሚቀበለው ይቁም። ድርጅቱ ተጫራች በሚሆንበት ግዥ ላይ የፍላጎት መግለጫ አይጻፍ፣ አይገምግም። ሲጨርስም በማግሥቱ የዚያው መሥሪያ ቤት አቅራቢ ሆኖ በር እንዳያንኳኳ የተወሰነ ጊዜ ይታገድ። «እንዲህ ካጠበቅህ ጎበዝ ባለሙያ አይመጣም» የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም፤ በመንግሥት ደሞዝ የተሻለ መሐንዲስ ማምጣት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። የዕገዳው ጊዜ ስንት ይሁን በሚለው ላይ ልስማማ እችላለሁ፣ ስድስት ወርም ይሁን ዓመት። በመግለጫ ጻፊው ላይ ግን አልደራደርም።

ከሁሉም በላይ የምጓጓለት ሌላ ነው፤ ርክክብ። አብሮት የሚሠራ የመሥሪያ ቤቱ ሰው በስም ይመደብ፣ ሥዕሉ፣ ስሌቱ፣ ደብዳቤው ሳይቀር በመዝገብ ቤት ይቅር። ምክንያቱም ዛሬ ስለ ጋፋት የምናውቀውን ብዙውን ነገር የምናውቀው ዋልድማየር ከዚህ ከወጣ በኋላ በ1886 ባሳተመው የራሱ የሕይወት ታሪክ ነው፤ እሱ ከእኛ ወጥቶ ሊባኖስ ውስጥ ትምህርት ቤትና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቁሟል። ኢልግ ከዚህ ይዞት የሄደው ፎቶግራፍና ዕቃ ደግሞ ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ተቀምጧል። ከደብረ ታቦር የሚነሣ የታሪክ ተማሪ ያንን ለማየት መጀመሪያ የቪዛ ቀጠሮ ማግኘት አለበት።