በእንፋሎት ሻንሲ ላይ የተቀመጠ ዲዝል

የዚህ ጽሑፍ መነሻ በመዳፍ ላይ የምትያዝ አንዲት የፕላስቲክ ሎኮሞቲቭ ናት። ትራያንግ የተባለው የእንግሊዝ አሻንጉሊት ሠሪ በ1950ዎቹ አጋማሽ ለገበያ ያወጣት ስትሆን (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ የብሪታንያ ምድር ባቡር በዚያው ዘመን በብዛት ያሠራው የነበረውን ባለ 350 የፈረስ ጉልበት የዲዝል ሎኮሞቲቭ እንድትመስል የተዘጋጀች ነበረች። ከላይ ሲያዩዋት ትመስላለች። ገልብጠው ሲያዩዋት ግን ከሥር ያለው ሻንሲ የዲዝል አይደለም፤ ያው ፋብሪካ ቀደም ብሎ ላወጣው የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሞዴል የተሠራ ነው። የሞዴል ባቡር አፍቃሪዎች ይህችን አሻንጉሊት ለብዙ ዓመታት መሳለቂያ አድርገዋት ኖረዋል። እኔም ከሣቂዎቹ አንዱ ነበርሁ። የእውነተኛውን ሎኮሞቲቭ የትውልድ ታሪክ ካየሁ በኋላ ግን ሣቄን ለመዋጥ ተገድጃለሁ።

ስለ ባቡር ሲነሣ ትዝ የሚለን ብዙውን ጊዜ ረጅም መንገድ የሚሄደው ነው። ይሁን እንጂ አንድ የጭነት ባቡር ከመነሣቱ በፊት ፉርጎዎቹ እንደየመድረሻቸው ተለይተውና በተራ ተደርድረው መቀጠል አለባቸው፤ ከደረሰም በኋላ እንደገና ተፈታትተው ወደየመጋዘኑ መገፋት ይኖርባቸዋል። (ፉርጎ የሚለውን ቃል፣ ልክ እንደ ለገሃር፣ ከፈረንሳይኛ የወረስነው የጅቡቲው መስመር ባመጣው ግንኙነት ነው።) ለዚህ ሥራ የተመደበ ሎኮሞቲቭ ፍጥነት አያስፈልገውም። የሚፈለግበት ከቆመበት ተነሥቶ ብዙ መቶ ቶን መጎተት፣ ወዲያው መቆም፣ ወደ ኋላ መመለስና ይህንኑ ቀንና ሌሊት መደጋገም ነው።

የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ይህን ሥራ ለመቶ ዓመት ያህል ሠርቶታል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ፉርጎ በሚጠበቅበት ሰዓት ሁሉ እሳቱ መንደድ፣ ውኃውም መፍላት አለበት። ጠዋት ሥራ ለማስጀመር ከሰዓታት በፊት እሳት መለኮስ፣ ማታ ደግሞ ዐመዱን መጥረግ ግድ ነው። ከነጂው ሌላ ከሰል የሚጨምር ሰውም ያስፈልጋል። የዲዝል ሞተር በአንጻሩ በአንድ ሙሊት ናፍጣ ቀናትን ሊሠራ ይችላል።

በብሪታንያ ይህን በስፋት ለመፈተን የተነሣው ለንደን ሚድላንድና ስኮቲሽ የተባለው የባቡር ኩባንያ ነበር። ነገሩ የሚያስገርመው እዚህ ላይ ነው። ኩባንያው በ1931 በደርቢ ፋብሪካው የመጀመሪያውን ዲዝል ሲሠራ አዲስ ሻንሲ አላወጣም። ጆንሰን የተባለው መሐንዲስ ለቀድሞው ሚድላንድ ኩባንያ ከነደፋቸው ባለ ስድስት መንኰራኩር የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች አንዱን ወስዶ ቦይለሩን አነሣና በቦታው የዲዝል ሞተርና ኃይልን በፈሳሽ ግፊት የሚያስተላልፍ መሣሪያ አስቀመጠ። ቁጥሩ እንኳ አልተለወጠም፤ በእንፋሎት ዘመኑ 1831 ይባል የነበረው በዲዝልነቱም 1831 ተባለ። ሙከራው ብዙ አልተሳካም። በ1940 መንገድ መሄዱ ቀርቶ ተንቀሳቃሽ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ እንዲሆን ተደረገ።

መፍትሔው የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ኢንግሊሽ ኤሌክትሪክ ከሃውቶርን ሌስሊ ጋር ሆኖ በ1934 የሠራው ሎኮሞቲቭ ኃይሉን በጄኔሬተርና በኤሌክትሪክ ሞተር ወደ መንኰራኩሩ የሚያደርስ ነበር። ኤሌክትሪክ ሞተር ትልቁን የማዞር ኃይሉን የሚሰጠው ገና ከቆመበት ሲነሣ ስለሆነ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ያህል ይስማማል። ኩባንያው ሎኮሞቲቩን ከፈተነ በኋላ ገዛው፤ ሌሎችም አዘዘ። በ1939 አንድ ትልቅ ሞተር በመካከለኛ ዘንግ አማካይነት መንኰራኩሮቹን እንዲያዞር ተሞከረ። በ1945 ደግሞ ሁለት ሞተሮችና በሁለት ደረጃ ፍጥነት የሚቀንስ ማርሽ ያለው ንድፍ ተመረጠ። ከ1952 እስከ 1962 በአምስት ፋብሪካዎች 996 ሆኖ የተሠራውና በኋላ ክላስ 08 የተባለው የዚህ ቀጥተኛ ልጅ ነው።

ለሙያ ባልደረቦቼ ጥቂት ቁጥሮች ልጥቀስ። ክብደቱ 50 ቶን ገደማ ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሩ 261 ኪሎ ዋት ያመነጫል፤ ይህም ዛሬ ከአንድ የጭነት ተሽከርካሪ ሞተር ያነሰ ነው። ሲነሣ የሚጎትትበት ኃይል ግን 156 ኪሎ ኒውተን ይደርሳል፤ ከክብደቱ ሢሶ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው። በጄኔሬተርና በሞተር የሚባክነው ተቀንሶ ሃዲድ ላይ የሚደርሰውን 194 ኪሎ ዋት ለዚህ ብናካፍለው በሴኮንድ 1.24 ሜትር ይሆናል፤ ሰው ረጋ ብሎ በእግሩ የሚሄድበት ፍጥነት መሆኑ ነው። ንድፍ አውጪዎቹ ኃይልን በፍጥነት ሳይሆን በጉልበት እንዴት እንደመነዘሩት ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

የመጀመሪያውና የሦስተኛው ዘንግ በየራሳቸው ሞተር ሲዞሩ፣ መካከለኛው በማያያዣ ዘንግ ይከተላቸዋል። ሻንሲው ደግሞ ከመንኰራኩሮቹ ውጭ ሆኖ ስለተሠራ በመካከላቸው ለሞተሮቹ ቦታ ተገኝቷል። ስለሆነም ከጎን የሚታየው መንኰራኩሩ ሳይሆን የሻንሲው ብረትና ከእርሱ ወጥተው የሚሽከረከሩት ክንዶች ናቸው። የዚህ ሎኮሞቲቭ መልክ ዋና ምልክት ይህ ነው።

ትራያንግም ያበላሸው ይህንኑ ነው። የተጠቀመበት ሻንሲ በቅጽል ስሙ ጂንቲ ለሚባለው የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሞዴል የተሠራ በመሆኑ መንኰራኩሮቹ ገሃድ ወጥተው ይታያሉ፤ ማያያዣውም በቀጥታ እነርሱ ላይ ተሰክቷል። በእውነተኛው ጂንቲ ከፊተኛው እስከ ኋለኛው ዘንግ ያለው ርቀት 5.03 ሜትር ሲሆን በክላስ 08 ግን 3.51 ሜትር ነው፤ ስለዚህ አሻንጉሊቷ እግሮቿን አንፈራጥጣ የቆመች ትመስላለች። ነገር ግን ጂንቲ ከየት መጣ? ከዚያው ከጆንሰን የደርቢ ቤተሰብ የወረደ ነው! አሻንጉሊት ሠሪው ሳያስበው የ1931ን ሙከራ ደገመው፤ የአንድ ቤተሰብ የእንፋሎት ሻንሲ ወስዶ የዲዝል አካል አስቀመጠበት። ምክንያቱም አንድ ነው። ሁለቱም ወጪው የተከፈለበት ሻንሲ በእጃቸው ነበረ፤ ሁለቱም አዲሱ ነገር ገዢ ወይም ሥራ ማግኘቱን ገና አላረጋገጡም ነበር። የደርቢን መሐንዲሶች ጥንቁቆች ብለን የማርጌትን አሻንጉሊት ሠሪዎች ሰነፎች የምንልበት ሚዛን አይታየኝም። እንዲያውም ልጆች በትራያንግዋ ለዓመታት ስለተጫወቱ ከሁለቱ የተሳካላት እርሷ ናት።

ከሻንሲው ይልቅ ለሞዴል ሠሪ የሚያስቸግረው በዓይን የማይታየው ነው። ሞዴሉ በ76.2 እጅ ያነሰ ሲሆን ክብደቱ በዚሁ ቁጥር ሦስት ጊዜ ስለሚካፈል 50 ቶኑ ወደ 113 ግራም ይወርዳል። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚሄደውን ለመምሰል በሴኮንድ 18 ሚሊ ሜትር ብቻ መጓዝ አለበት። እንቅስቃሴው የያዘው ጉልበት አምስት ጊዜ ሲካፈል፣ ሰበቃ የሚበላው ግን አራት ጊዜ ብቻ ይካፈላል። ስለዚህ እውነተኛው ኃይሉ ተቋርጦ ብዙ ሜትር በሚንሸራተትበት ሁኔታ፣ ሞዴሉ ከመጠኑ ጋር ሲነጻጸር የዚያን 76ኛ እጅ ብቻ ሄዶ ይቆማል። ሃዲድ በሚከፈልበት ቦታ ለቅጽበት ኤሌክትሪክ ቢያጣ፣ ወይም አንዲት አቧራ ብታጋጥመው፣ ተገትሮ ይቀራል፤ በጣት መገፋት ይፈልጋል። በኋላ ዘመን የተሠሩ ሞዴሎች ፍላይዊል የሚባል ከባድ የናስ ክብ በሞተራቸው ላይ የሚጭኑት ይህን የጠፋ ጉልበት በከፊል ለመመለስ ነው።

ባክማን በ2000 ያወጣው የክላስ 08 ሞዴል የትራያንግን ስሕተት አርሟል፤ ሻንሲው ከመንኰራኩሩ ውጭ ነው፤ ክንዶቹም በቦታቸው ይሽከረከራሉ። ነገር ግን እርሱም የሚሄደው ስፋቱ 16.5 ሚሊ ሜትር በሆነ ሃዲድ ላይ ነው። ይህ መጠን የሚስማማው በ87 እጅ ላነሰ ሞዴል ሲሆን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበሩት ሞተሮች በጠባቦቹ የእንግሊዝ ሎኮሞቲቮች ውስጥ አልገባ ስላሉ አካሉን ከፍ አድርጎ ሃዲዱን እንዳለ ለመተው የተደረገ ስምምነት ነው። ትክክለኛው ስፋት 18.83 ሚሊ ሜትር መሆን ነበረበት። ወደ እውነተኛው መጠን ሲመለስ የ1435 ሚሊ ሜትሩ ሃዲድ በሞዴሉ ላይ 1257 ሆኖ ይገኛል። ሞተሮቹ ካነሱ ስንት ዓመታቸው፤ ሃዲዱ ግን በየቤቱ ተነጥፏልና እስከ ዛሬ አልተለወጠም።