የመሪ ቀልድና የባዕድ ጆሮ

አንባቢ ሆይ፤ ተራ ሰው በጠላ ቤት የቀለደው ቀልድ ከጠላው ጋር አብሮ ያልቃል። የአገር መሪ የቀለደው ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ወዳጅም ጠላትም እንደየፍላጎቱ ይተረጉመዋል። ይልቁንም ቀልዱ «በሥልጣናችን ላይ ማን እንደሚቀመጥ ባዕድ መንግሥት ይርዳን» የሚል የሆነ እንደ ሆነ ነገሩ ይከፋል።

ሐምሌ 20 ቀን 2008 ዓ.ም. ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ይወዳደሩ የነበሩት ዶናልድ ትራምፕ፣ የተቀናቃኛቸውን የሂላሪ ክሊንተንን የጠፉ የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤዎች ሩሲያ እንድታገኛቸው ተስፋ እንደሚያደርጉ በአደባባይ ተናገሩ። ኋላም ቀልድ ነበረ አሉ። ዳሩ ግን በ2010 ዓ.ም. የቀረበው የአሜሪካ መንግሥት ክስ እንደሚገልጸው፣ የሩሲያ ወታደራዊ ስለላ ሠራተኞች የክሊንተንን የግል ጽሕፈት ቤት ደብዳቤዎች ለመስረቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከሩት በዚያው ዕለት ነበረ። ክሱ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው አላለም፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ ብዙ አሜሪካዊ ቀልዱን ከድርጊቱ ለይቶ ማየት ተሳነው።

«ይህ የባሕር ማዶ ወሬ ለየጥኖራ፣ ለቢቸናና ለሞጣ ሰው ምኑ ነው?» ትል ይሆናል። በእኛም አገር የሕዝብ ምርጫ ባልነበረበት ዘመን የዙፋን ወራሽነት ጉዳይ ነበረና፣ የባዕድ እጅ በዚያ በኩል ይገባ ነበር።

በ1908 ዓ.ም. የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም ልጅ ኢያሱ ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበሩ። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ ሌጋሲዮኖች አንዳች ስሕተት እስኪያዩባቸው በዓይነ ቁራኛ ይጠብቋቸው ነበር። በዚህ መሐል የጨረቃ ምልክት ያለበትን የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ለቱርክ ቆንስል ሰጡ ተብሎ ተወራ። በእስላም ልብስ ሆነው ተነሥተዋቸዋል የተባሉ ፎቶግራፎችም ተበተኑ፤ ከእነዚህም ውስጥ በተንኮል የተሠሩ እንዳሉ በብዙ ይነገራል። ነገሩ የታሰበበት የመንግሥት መላ ነበረ ወይስ የወጣትነት ግዴለሽነት፣ ታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። በእኔ አስተያየት እስላሙን ሕዝብ ከመንግሥቱ ጋር ለማስተሳሰር የነበራቸው ሐሳብ የሚናቅ አልነበረም። ጉዳቱ የመጣው ጦርነት ላይ ያለ የባዕድ መንግሥት ወዳጅነት እንደ ገና ጨዋታ ተይዞ በመታየቱ ነው።

ሦስቱ መንግሥታት በመስከረም 1909 ዓ.ም. መጀመሪያ ማብራሪያ የሚጠይቅ የተቃውሞ ደብዳቤ በአንድነት አቀረቡ። መኳንንቱም ለራሳቸው ምክንያት ተሰናድተው ነበርና ወሬውን እንደ ማስረጃ ያዙት። መስከረም 17 ቀን፣ በመስቀል በዓል፣ ልጅ ኢያሱ ሃይማኖታቸውን ክደዋል ተብለው ከሥልጣን ወረዱ፤ ዘውዲቱ ምኒልክ ነገሡ፤ ራስ ተፈሪም አልጋ ወራሽ ሆኑ። የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ዘምተው ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ድል ሆኑ። በዚያች አንዲት ቀን ያለቀውን ወገን፣ ሰንደቅ ዓላማው እውነት ይሁን ሐሰት፣ ማንም አልመለሰውም።

ነገሩ ጎጃምንም ሳይነካ አልቀረም። የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል የኢያሱ ባለቤት ነበሩ። በ1924 ዓ.ም. ኢያሱ ከታሰሩበት ከፍቼ ሲያመልጡ ራስ ኃይሉ ረድተዋል ተብለው ተፈረደባቸው፤ ንብረታቸውም ተወረሰ። ለትውልድ በአንድ ቤት ሲተዳደር የኖረው ጎጃም ለራስ እምሩ ተሰጠ።