የሁለት ሌሊቶች ታሪክ፦ የ‹ሬዚደንት ኢቭል› መጣረሶች ለታሪክ ተማሪ ምን ያስተምራሉ?



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ ትምህርት ክፍል መድረክ እንግዳ እንደሚመስል አውቃለሁ። የምናገረው ስለ አንድ አስፈሪ የቪዲዮ ጌም፣ በተለይም በውስጡ ስላሉት መጣረሶችና መጣረሶቹ ስለ ተወለዱበት የሥራ ሂደት ነው። ለምን እንደ መረጥሁት ለማስረዳት ግን ከቢቸና ልጀምር።

በልጅነቴ ቢቸና ውስጥ ሁለት ቴሌቪዥንና ሁለት ፕሌይስቴሽን ያሉት አንድ የጌም ቤት ነበር። ክፍያው በግጥሚያ ስለ ነበር አብዛኛው ልጅ የሚጫወተው እግር ኳስ ነው። ከዲስኮቹ መካከል ግን ‹ሬዚደንት ኢቭል› የሚባል አንድ ነበረ። ሚሞሪ ካርድ ስላልነበረን የደረስንበትን ማስቀመጥ አንችልም፤ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው እንነሣለን። በጌሙ ውስጥ የምናገኛቸውን የጽሕፈት መኪና ሪባኖች ምን እንደሚሠሩ ሳናውቅ እንሰበስባቸው ነበር። ጨዋታው የሚቀመጠው በእነርሱ መሆኑን የተረዳሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

የቢቸና ልጆች የምንመርጠው ክሪስ የተባለውን ወንድ ገጸ ባሕርይ ነበር። ለክረምት ሞጣ፣ አጎቴ ቤት ስሄድ ግን የዚያ ልጆች የሚመርጡት ጂል የተባለችውን ሴት ሆኖ አገኘሁት። እኔ ርብቃ ስለምትባል፣ ክሪስን ስለምትረዳ ወጣት የሕክምና ባለሙያ ሳወራ የአጎቴ ልጅ ሣቀብኝ፤ በእርሱ ታሪክ ርብቃ የለችም። እርሱ ደግሞ ጂልን ከሞት ስለሚያድናት፣ ትልቅ ሽጉጥ ስለ ታጠቀው ጢማሙ ባሪ ሲነግረኝ ውሸታም አልሁት። ክረምቱን ሙሉ ተከራከርን። ሁለታችንም የምንናገረው በዓይናችን ያየነውን ነበር።

ጌሙን የሠራው ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ ነው። ‹ባዮሃዛርድ› በሚል ስም በጃፓን ለገበያ የቀረበው ማርች 22 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ከዚህ በኋላ የጌሞቹን ዓመታት ሁሉ የምጠቅሰው በዚሁ አቆጣጠር ነው። ስሙ በአሜሪካ በሌሎች ተይዞ ስለ ነበር ለምዕራቡ ዓለም ‹ሬዚደንት ኢቭል› ተባለ። ዳይሬክተሩ ሺንጂ ሚካሚ፣ ፕሮዲዩሰሩ ቶኩሮ ፉጂዋራ ነበሩ። ፉጂዋራ በ1989 ‹ስዊት ሆም› የተባለ፣ በአንድ የጃፓን ፊልም ላይ የተመሠረተ ጌም ሠርቶ ነበር። የተዘጋው ትልቅ ቤት፣ የዕቃ መያዣው ጥበት፣ ሟቾች ትተዋቸው የሄዱት ጽሑፎች ሁሉ ከዚያ የተወረሱ ናቸው። በኋላ ‹ሰርቫይቫል ሆረር› የተባለው ዘርፍ ስሙን ያስፋፋው በዚህ ሥራ ነው።

መጀመሪያ በልጅነታችን ስለ ተረጎምናቸው ነገሮች ልናገር። በጌሙ ውስጥ ከክፍል ወደ ክፍል ስንሻገር በጨለማ ውስጥ አንድ በር ብቻውን ቀስ ብሎ ይከፈታል። እኛ ይህን ሊያስፈራን ብሎ ያደረገው ይመስለን ነበር። ማስፈራቱ እውነት ነው፤ ግን በሩ እየተከፈተ ሳለ ማሽኑ የሚቀጥለውን ክፍል ከሲዲው እያነበበ ነበር። ካሜራው በየክፍሉ ጥግ ተተክሎ የማይንቀሳቀሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። አዘጋጆቹ መጀመሪያ ተጫዋቹ በገጸ ባሕርይው ዓይን የሚያይበትን መንገድ አስበው ነበር። ፕሌይስቴሽኑ የሚፈልጉትን ያህል ዝርዝር በዚያ መንገድ ማሳየት ስላልቻለ የየክፍሉን ሥዕል አስቀድመው አዘጋጅተው ሰዎቹን ብቻ በላዩ ላይ አንቀሳቀሱ። ኮናሚ በ1999 ያወጣው ‹ሳይለንት ሂል› በጭጋግ የተሸፈነ ከተማ የሆነውም ማሽኑ ሩቁን መንገድና ሕንፃ መሳል ስላልቻለ ነው። ጭጋጉ ጉድለቱን ሸፈነ፤ ኋላ ግን የሥራው መለያ ሆነ። እጥረቱ ራሱ መልክ ሆኖ ቀረ።

ወደ ክረምቱ ክርክራችን ልመለስ። በክሪስ ታሪክ ባሪ በዚያ ሌሊት የት እንደ ደረሰ አይታወቅም፤ በጂል ታሪክ ደግሞ ርብቃ ጨርሶ አትታይም። ከዚህ የሚብሰው መጨረሻው ነው። በክሪስ ታሪክ ጂል በምድር ቤቱ ቤተ ሙከራ ታስራ ትገኛለች፤ በጂል ታሪክ የታሰረው ክሪስ ነው። እያንዳንዳቸው በሌላው ታሪክ ውስጥ እስረኛ ናቸው ማለት ነው። ሁለቱ ሌሊቶች በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ አይችሉም።

ካፕኮም ይህን እንዴት ፈታው? ተከታዮቹን ጌሞች ሲሠራ ከሁለቱ አንዱን አልመረጠም። ባሪም ርብቃም ከዚያ ቤት በሕይወት እንደ ወጡ ቆጠረ፤ ባሪ በ1999ኙ ሦስተኛ ጌም ከፍጻሜዎቹ በአንዱ ሄሊኮፕተር ይዞ ይደርሳል። የዛሬው የተከታታዩ ‹ይፋዊ ታሪክ› እንግዲህ ከክሪስም ከጂልም ተቀንጭቦ የተሰፋ ሦስተኛ ሌሊት ነው። ያንን ሌሊት ግን ማንም ተጫውቶት አያውቅም። በቢቸናም፣ በሞጣም፣ በኦሳካም።

ሌላው መጣረስ የሚመጣው ከድርሰት ቅደም ተከተል ነው። በ2002 የወጣው ‹ሬዚደንት ኢቭል ዜሮ› ከመጀመሪያው ጌም አንድ ቀን ቀደም ብሎ የሆነውን ይተርካል፤ ዋና ገጸ ባሕርይዋ ርብቃ ናት። በዚያ ሌሊት በባቡርና በማሠልጠኛ ሕንፃ ውስጥ ከግዙፍ አውሬዎች ጋር ስትዋጋ ታድራለች። በማግሥቱ ክሪስ ሲያገኛት ግን ምንም ያላየች፣ የምትንቀጠቀጥ ጀማሪ ናት። የተከታታዩ ወዳጆች ለዚህ የድካምና የድንጋጤ ምክንያት ይፈልጉላታል። ትክክለኛው ምክንያት ቀላል ነው፦ በ1996 የጻፏት ሰዎች ትናንትናዋ ገና ከስድስት ዓመት በኋላ እንደሚጻፍ አያውቁም ነበር። ነገሩ የተፈጸመበት ቅደም ተከተልና ነገሩ የተጻፈበት ቅደም ተከተል የተለያዩ ናቸው። ይህን ልዩነት ዜና መዋዕልና ገድል ያነበበ የታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ጌምም የራሱ ጠባሳ አለው። በሂዴኪ ካሚያ ዳይሬክተርነት ሲሠራ ሥራው ከግማሽ በላይ ከሄደ በኋላ ተሰርዞ እንደ አዲስ ተጀመረ፤ የወጣውም በ1998 ነው። በተሰረዘው ረቂቅ ውስጥ ኤልዛ ዎከር የምትባል ባለ ሞተር ብስክሌት ተማሪ ነበረች። በአዲሱ ሥራ ቦታዋን የክሪስ እኅት ክሌር ወሰደች፤ ታሪኩ ከመጀመሪያው ጋር እንዲተሳሰር። የተጣለው ረቂቅ ዛሬ በወዳጆቹ ዘንድ ‹አንድ ነጥብ አምስት› እየተባለ ይጠራል፤ ያልተሟላ ቅጂውም ከዓመታት በኋላ አፈትልኮ ወጥቷል። በዚሁ ጌም የፖሊስ ጣቢያው በምስጢር ቁልፎችና በሐውልት እንቆቅልሾች የተሞላ ነው። አንድ ፖሊስ ጣቢያ እንዲህ የሚሆነው ስለ ምን ነው ለሚል ሰው የተሰጠው መልስ ሕንፃው ቀድሞ ሙዚየም ነበር የሚል ነው። በአንጻሩ በአንዱ ክፍል ሣጥን ውስጥ ያስቀመጡት ዕቃ በሌላ ክፍል ሣጥን ውስጥ እንዴት እንደሚገኝ ማንም አላብራራም። ያ ለተጫዋቹ የተደረገ ርኅራኄ ብቻ ነው።

እንግዲህ ስሕተትን እንደ ማስረጃ ማንበብ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እንደ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ ባሉ ገዳማት ብራና የሚገለብጥ ጸሐፊ በሁለት መስመሮች መጨረሻ ላይ አንድ ዓይነት ቃል ሲገጥመው ዓይኑ ዘሎ በመካከል ያለውን ይተዋል። ያው ግድፈት በሁለት መጻሕፍት ከተገኘ አንዱ ከሌላው፣ ወይም ሁለቱም ከአንድ እናት መጽሐፍ መገልበጣቸውን እንጠረጥራለን። ዝምድናን የሚገልጠው ትክክሉ ንባብ ሳይሆን ግድፈቱ ነው። ግድፈቱን አርሞ የቀደመውን ቅጂ የሚጥል ሰው የትውልድ ሐረጉን አብሮ ይጥላል።

በጌሙ ዓለም ይህ በተግባር ደርሷል። በ2012 ሁለተኛውና ሦስተኛው ‹ሳይለንት ሂል› ታድሰው ሊወጡ ሲሉ ኮናሚ ለአዳሾቹ ያስረከበው የመጨረሻውን የፕሮግራም ጽሑፍ አልነበረም። የመጨረሻው በመዝገብ አልተጠበቀም ነበርና። አዳሾቹ የቀድሞዎቹ ሠሪዎች አንድ ጊዜ ያረሙትን ስሕተት እንደገና ለማረም ተገደዱ፤ በአንዳንድ ቦታም ጭጋጉ ሳስቶ የሸፈነውን ገለጠ። ሥራው ከወጣ ገና ዐሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ብራናችን ከዚያ የተሻለ ዕድሜ አለው።

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት ልምጣ። ተማሪ ሳለሁ የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት በጎጃም ስለ ተነሣው የገበሬዎች ዐመፅ ነው። የሞጣና የቢቸና አውራጃዎች ከዋናዎቹ የዐመፁ ስፍራዎች መካከል ነበሩ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ በመጨረሻም ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፉም ግብር ተማረ። በሁለቱም ከተሞች ሽማግሌዎችን ጠየቅሁ። በሞጣው ትረካ ቢቸና ሩቅ ናት፤ በቢቸናው ትረካ ሞጣ በወሬ ብቻ ትደረሳለች። ቀኑም፣ የነገሩም መነሻ አልገጠመልኝም። እኔም ከዚህ አንድ፣ ከዚያ አንድ እየወሰድሁ የተስተካከለ አንድ ትረካ ሰፋሁ። ጥሩ ውጤት አገኘሁበት።

ኋላ የጻፍሁትን ከነገሩኝ ሽማግሌዎች ለአንዱ አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝና ‹ልጄ፣ ይህን ማን ነገረህ?› አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የነገረኝ ሰው አልነበረምና። እኔም እንደ ካፕኮም ማንም ያልኖረውን ሦስተኛ ሌሊት ጽፌ ነበር። ካፕኮም ልብ ወለድ ስለሚሠራ ይህን ለማድረግ መብት አለው፤ የእኔ ሥራ ግን ሰዎች ንብረታቸውን ያጡበት፣ ዘመድ የቀበሩበት ዓመት ነበር።

ስለዚህ በሚቀጥለው ወር ለመስክ ሥራ ወደ ሁለቱ ከተሞች ለምትሄዱ ተማሪዎች የምለው አጭር ነው። የእያንዳንዱን ተናጋሪ ቃል በየራሱ ደብተር ጻፉ። ሁለት ቃሎች ሲጣረሱ የትኛው ልክ ነው ከማለታችሁ በፊት እያንዳንዱ ተናጋሪ የት ቆሞ እንዳየ፣ መቼ እንደ ተናገረ፣ ከማን እንደ ሰማ ጠይቁ። አስታርቃችሁ ብትጽፉም ስፌቱ ይታይ፤ የመጀመሪያዎቹንም ደብተሮች አትጣሉ።

የአጎቴን ልጅ ባለፈው ዓመት አግኝቼው ይቅርታ ጠየቅሁት። ክርክሩን ጨርሶ ረስቶታል። ባሪን ግን አልረሳውም።