ቅንብር፦ ግርማ በየነ

ባለፈው ሰሞን ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ካርታ እየተጫወትን፣ ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ አራት ሰዎችን አንድ ጥያቄ ጠየቅኳቸው። አለማየሁ እሸቴ በወጣትነቱ ካስቀረጻቸው ዘፈኖች አንዱን ስልኬ ላይ ከፈትኩና ድምፁ ከመግባቱ በፊት አቆምኩት። "ይሄን መግቢያ ማን ሠራው?" አልኩ። ዘፈኑን ሁሉም አወቁት። አንደኛው ግጥሙን እስከ መጨረሻው ወረደው። ሌላኛው አለማየሁ ያኔ ፀጉሩን እንዴት ያበጥር እንደነበር በእጁ አሳየኝ። ጥያቄዬን ግን ማንም አልመለሰልኝም፤ በመጨረሻ አንዱ ተናደደና "ባንዱ ነዋ! ሌላ ማን ይሆናል?" አለኝ።

"ባንዱ ነዋ" የሚለው መልስ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ።

ስለ ግርማ በየነ ነው የማወራው። ፒያኖ ተጫዋች፣ ዜማና ግጥም ደራሲ፣ ዘፋኝ፣ ከሁሉም በላይ ግን አቀናባሪ። (እኛ አገር ዘፋኝን እንደ ጎረቤት ልጅ "እሱ" ማለት ልማድ ነው፤ እኔም አለማየሁን እንዲያ ብዬዋለሁ። ጋሽ ግርማን ግን አንቱ ነው የምላቸው። ማንም ሲላቸው ስላልሰማሁ ሊሆን ይችላል።) ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ሸክላዎቹም መጻሕፍቱም በዚያ ስለሚቆጥሩ። የአዋጅ ቁጥር ሲመጣ ብቻ ወደ እኛው እመለሳለሁ።

ነገሩ እንዲገባን ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። ከ1960ዎቹ በፊት ዘመናዊ ሙዚቃ የተቋም ሥራ ነበር። ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ምድር ጦር፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፤ ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ፣ ብዙ ጊዜም ባለ ዩኒፎርም ነው። ለትልቅ ኦርኬስትራ ኖታ የሚጽፈው የተማረ ሰው፣ እንደ አርመናዊው ነርሲስ ናልባንዲያን ያለ መምህር ነበር። ከዚያ ሆቴሎቹ መጡ። ራስ ሆቴልን የመሰለ ቦታ ሰላሳ ጥሩንባ ነፊ መቅጠር አይችልም፤ ስድስትና ሰባት ሰው ይዞ እንደ ትልቅ ኦርኬስትራ የሚሞላ ድምፅ ይፈልጋል። ግርማ በየነ የወጡት ከዚህ ነው። በራስ ባንድ መጀመሪያ ዘፋኝ ነበሩ፤ ፒያኖውን በራሳቸው ጥረት ነው የተማሩት።

ሸክላ ማሳተም ደግሞ ያኔ እንደ ልብ የሚሆን ነገር አልነበረም። ከ1948 ጀምሮ መብቱ በመንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ ትእዛዙን ችላ ብሎ በስሙ ሸክላ አሳተመ። የመጀመሪያዎቹን ሕንድ አገር አስጠፍጥፎ አስመጣቸው። በአገሪቱ የነበረው የሸክላ ዘመን ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እንደቆጠረው በዚያ ጊዜ ወደ 500 የሚጠጉ ትንንሽ ሸክላዎች ወጥተዋል። ከነዚያ ላይ ከተቀረጹት ዘፈኖች ከ60 በላዩን ያቀናበሩት ግርማ በየነ ናቸው። አንድ ትንሽ ሸክላ ሁለት ዘፈን ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ 60 ዘፈን ማለት ቢያንስ 30 ሸክላ ነው። በራሳቸው ድምፅ የዘፈኗቸው ስንት ናቸው? አራት። "እኔ ነኝ ባይ ማነሽ" ከነዚያ አንዱ ነው። አራት ዘፈን ብቻ የዘፈነ ሰው በእኛ አገር ዘፋኝ አይባልም፤ 60 ዘፈን ያቀናበረ ሰው ደግሞ ምንም አይባልም።

"አቀናበረ" ሲባል ምን አደረገ ማለት ነው? ይሄ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ "ባንዱ ነዋ" የሚለው መልስ የሚመጣው ሥራው ስለማይታየን ነው።

ዘፋኙ ግጥምና ዜማ ይዞ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚያመጣው በጉሮሮው ነው፤ እያንጎራጎረ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ባዶ ነው። ፍጥነቱ ምን ይሁን? በየትኛው ቁልፍ ቢጫወቱት ጉሮሮው አይታነቅም? መግቢያውን ማን ይያዘው፣ ሳክስፎኑ ወይስ ጊታሩ? ዘፋኙ አንድ ስንኝ ጨርሶ ትንፋሽ ሲወስድ ክፍተቱን ምን ይሙላው? እነዚያ "ጳ! ጳ ጳ!" የሚሉ የትራምፔትና የሳክስፎን ምላሾች ከሰማይ አልወረዱም፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ለዚያች ትንፋሽ ልክ ለክቶ የሠራቸው ናቸው። ሸክላዋ በአንድ ገጿ የምትችለው ሦስት፣ ቢበዛ አራት ደቂቃ ነው። በሆቴሉ መድረክ ላይ ሩብ ሰዓት የሚፈጅ ጨዋታ እዚያ ውስጥ መግባት አለበት። ምን ይቆረጥ? እሱም የአቀናባሪው ሥራ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ኮርዱ ነው። ትዝታን ውሰዱ፤ በሜጀሩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፣ አምስት ድምፅ። ፋ እና ሲ የሉበትም። ፒያኖ ላይ በፈረንጅ ደንብ ኮርድ ላጅበው ብትሉ ግን ከሦስቱ ዋና ዋና ኮርዶች አንዱ ፋን፣ ሌላው ሲን ይዞ ይመጣል። ዝም ብላችሁ ከተጠቀማችሁባቸው ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል፤ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር በአኮርዲዮን እንደማለት ይሆናል። ጭራሽ ከሸሻችኋቸው ደግሞ ፒያኖው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። በዚያ ዘመን የነበሩ አቀናባሪዎች ሁሉ ከዚህ ጋር ታግለዋል። ሙላቱ አስታጥቄ የራሱን መንገድ አገኘ፣ ስምም ሰጠው፤ ኢትዮ ጃዝ አለው። ጋሽ ግርማ ስም አልሰጡትም። የእሳቸው መንገድ በእኔ ጆሮ ቁጠባ ነው፦ ፒያኖው ጥቂት ይላል፣ ቤዙ አንድ ሐረግ ይዞ ያለማቋረጥ ይመላለሳል፣ ዜማውን የሚሸከሙት ነፋሶቹ ናቸው። አንዳንዴ ጆሮን ቆርቆር የሚያደርግ ድምፅ ጣል ያደርጋሉ፤ ተሳስተው ይሆን ብላችሁ ስትጠብቁ በሁለተኛው ዙርም እዚያው ቦታ ላይ ይመጣል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አለማየሁ እሸቴ "የሐበሻ ኤልቪስ"፣ "የሐበሻ ጄምስ ብራውን" ሲባል ኖሯል። ይገባዋል። ነገር ግን ጄምስ ብራውን ለመሆን ከኋላ የጄምስ ብራውን ባንድ መኖር አለበት። የእሱን ጩኸት የሚቀበል፣ ሲቆም የሚቆም፣ ሲገነፍል የሚገነፍል ቅንብር ከጋሽ ግርማ እጅ ነበር የሚወጣው። ሁለቱ ተጣምረው በስማቸው ባንድ እስከማቋቋም ደርሰዋል፤ ዓለም ግርማ ባንድ። ሙሉቀን መለሰም ገና ልጅነት ባለቀቀው ድምፅ ካስቀረጻቸው የመጀመሪያ ሥራዎቹ መካከል የግርማ ቅንብሮች አሉበት። የሁለቱን ዘፋኞች ሥራ አከታትላችሁ ስሙ። አለማየሁ ይጮኻል፣ ሙሉቀን ያለሰልሳል፤ ቅንብሩም አብሮ ይለወጣል። የአቀናባሪው ማኅተም ደምቆ የማይታየው ለዚህ ነው፤ ሥራውን በደንብ ከሠራ ዘፋኙን ብቻ ነው የምትሰሙት።

አሁን ወደ "ሙዚቃዊ ስልት" ልምጣ።

ይህን በመሳሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ በስሙ ባታውቁት በጆሯችሁ ታውቁታላችሁ። ዋልያስ ባንድ በ1977 ባወጣው "ቼ በለው" በሚለው አልበም ላይ ነው ያለው። ኦርጋኑ ላይ ኃይሉ መርጊያ አሉ፣ በአልበሙ ሙላቱም በእንግድነት ቫይብራፎን ይጫወታል። የ"ሙዚቃዊ ስልት" ደራሲ ግን ግርማ በየነ ናቸው። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1998፣ ዳክታሪስ የተባለ ቡድን ይህንኑ ሙዚቃ ተጫውቶ በአልበም አወጣ። አልበሙ በ1970ዎቹ ናይጄሪያ ውስጥ የተሠራ የጠፋ ሀብት ተብሎ ነበር የቀረበው። ተጫዋቾቹ ግን ኒውዮርክ ብሩክሊን ያሉ ልጆች ነበሩ፤ ናይጄሪያዊነቱ የገበያ ጨዋታ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ አዲስ አበባ ላይ የተደረሰ ዜማ፣ ኒውዮርክ ውስጥ ተቀርጾ፣ የሌጎስ ልብስ ለብሶ ይሸጣል። ደራሲው ያኔ የት ነበሩ? እዚያው አሜሪካ።

ከዚያ በፊት ግን ያን 1977ን ልንገራችሁ። በውጭ አገር ስለ እኛ ሙዚቃ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ አንድ ተረት ይደግማል፤ ወርቃማው ዘመን በ1974 ከንጉሡ ጋር አብሮ ሞተ ይላል። እኔ አልቀበለውም። ሰዓት እላፊ መታወጁ እውነት ነው፣ ሳንሱሩም እውነት ነው፣ አምሃ እሸቴም በ1975 አገር ጥሎ ወጥቷል። "ሙዚቃዊ ስልት" ግን የወጣው በቀይ ሽብር ዘመን ነው። የሰዓት እላፊው ሰዓት ሲደርስ የሆቴሉ በር ይዘጋል፣ የገባው ሰው እስኪነጋ አይወጣም፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ያን ሙዚቃ በዚህ ጆሮ ስሙት። ቤዙ ያንኑ ሐረግ እየደጋገመ የትም አይሄድም። በር የተዘጋበት ሙዚቃ ነው የሚመስለኝ። ደራሲው እንዲህ አስበው ነበር እያልኩ አይደለም፤ እኔ ግን ሌላ ነገር አልሰማበትም።

በ1981 ዋልያስ ባንድ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደ። ከኢትዮጵያ ወጥቶ በዚያ አገር የተዘዋወረ የመጀመሪያው ዘመናዊ ባንድ ነው ይባላል። ጉዞው ሲያልቅ ግማሹ ተመለሰ፣ ግማሹ ቀረ። ከቀሩት መካከል ኃይሉ መርጊያ፣ ሞገስ ሀብቴ፣ መላከ ገብሬና ግርማ በየነ ነበሩ። ጋሽ ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ ነዱ፤ ኪይቦርዳቸውን መኪናው ኮፈን ውስጥ ይዘው ተሳፋሪ ሲጠብቁ ይለማመዱ እንደነበር ዛሬ የዓለም ጋዜጣ ሁሉ ጽፎታል፣ በ2013 አሮጌ ካሴታቸው እንደገና ታትሞም ወደ መድረክ ተመልሰዋል። ጋሽ ግርማ ቤንዚን ማደያ ውስጥ ሠሩ። ኪይቦርድ በኮፈን የለም። ለ25 ዓመት ገደማ ከሙዚቃ ጭራሽ ራቁ።

ዋሽንግተንና አካባቢው ያላችሁ አንባቢዎቼ፣ በ1980ዎቹና በ90ዎቹ እዚያ ቤንዚን ስትቀዱ ሂሳቡን የተቀበሏችሁ ሰው እሳቸው ሊሆኑ ይችሉ ነበር፤ በመኪናችሁ ካሴት ውስጥ ደግሞ የእሳቸው ቅንብር። ይሄ ሆነ አልልም፤ በአካባቢው ከነበረው የአበሻ ብዛትና ከዘፈኖቹ ብዛት አንጻር ግን አለመሆኑ ነው የሚገርመኝ።

ስሙ እንዴት ጠፋ? ክፉ ሰው ሰርቆት አይደለም። አጎቴ ቤት የቀሩ ጥቂት ሸክላዎች አይቻለሁ፤ አንዳንዱ ላይ የአቀናባሪው ስም በደቃቃ ፊደል ተጽፏል፣ አንዳንዱ ላይ የለም። ካሴት መጣ። ከሸክላ ወደ ካሴት የሚገለብጠው ሰው በጀርባው የሚጽፈው የዘፋኙን ስምና የዘፈኑን መጀመሪያ ብቻ ነው፤ ቦታም የለውም። ከካሴት ወደ ዩቲዩብ የጫነው ወጣት ደግሞ የሌለ ስም ከየት ያምጣ? ሁሉም የያዘውን አስተላለፈ፣ በእያንዳንዱ ቅብብል ደቃቃው ፊደል ቀረ። ሕጉ ከማንም ዘግይቶ መጣ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሙዚቃ ቅንብርን ራሱን የቻለ ሥራ አድርጎ ያየዋል፤ በ2007ም በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ነገር ግን አዋጅ ስሙ የተጻፈን ሰው ነው የሚጠብቀው። "ባንዱ ነዋ" የተባለ ሰው ምን ይዞ ይጠይቅ?

ስማቸውን መልሶ ትልቅ አድርጎ የጻፈው ፋልሴቶ ያዘጋጀው "ኢትዮፒክስ" የተባለው ተከታታይ ነው። የዛሬ 15 ዓመት ብትጠይቁኝ ፈረንጅ ቅርሳችንን ሸጠብን ከሚሉት ወገን ነበርኩ፤ አሁንም ስለ ገንዘቡ ክርክር አለ። የአቀናባሪን ስም ከዘፋኙ ስም ጎን ማስፈርን ግን እኛ ሳንሠራው እሱ ሠርቶታል። በ2017 የተከታታዩ ሠላሳኛ አልበም ሲወጣ የፊት ስሙ ግርማ በየነ ሆነ። ያጀባቸው ስሙን ከጌታቸው መኩሪያ ሙዚቃ የወሰደው አካሌ ውቤ የተባለ የፓሪስ ባንድ ነው። በአራት ዘፈን የቆመው የዘፋኝነት ሥራቸው ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ በሙሉ አልበም ቀጠለ።

የአልበሙ ርዕስ በአማርኛ ሲመለስ "ሆን ተብሎ የተሠራ ስህተት" ማለት ነው። በሁለተኛው ዙርም እዚያው ቦታ ላይ የሚመጣ ብዬ የነገርኳችሁን ያንን ቆርቋሪ ድምፅ አስታወሳችሁ?

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤታችሁ ወይም እናንተ የምታውቁት ሰው ቤት ሸክላ ካለ፣ መሃሉ ላይ ያለውን ክብ ወረቀት በስልካችሁ አንሱና ላኩልኝ። ሁለቱንም ገጽ። ደቃቃው ፊደል እንዲነበብ ጠጋ ብላችሁ፣ ፍላሽ ሳትጠቀሙ፤ ፍላሹ ሸክላው ላይ ያበራና ጽሑፉን ያጠፋዋል።