ማኅበር የማይጠጣ ሰው

በቢቸና አካባቢ ሰው የማኅበር «አባል» አይሆንም። ማኅበር ይጠጣል። «እገሌ የጊዮርጊስን ማኅበር ይጠጣል» ከተባለ፣ በየወሩ በ23 ከማኅበርተኞቹ በአንዱ ቤት ተቀምጦ ዳቦ ይቆርሳል፣ ጠላ ይቀዳለታል፣ ሲታመም ይጠይቁታል፣ ከጎረቤቱ ሲጣላ ያስታርቁታል፣ ሲሞት ይቀብሩታል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ጉዳይ በአንድ ግስ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ግሱም «መጠጣት» ነው። እኔ በዚህ ቋንቋ አፌን ፈትቼ፣ አድጌ፣ ተምሬ፣ አንድም ቀን አላስተዋልኩትም ነበር። ያስተዋልኩት ወደ አርባ ዓመቴ ስጠጋ ሐኪም «መጠጥ ይቅርብህ» ሲለኝ ነው።

ከእኔ በፊት ግን የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበር። እኛ ልጆቹ «አያ» እንለው ነበር፤ እዚህም እንደዚያው ልበለው። በቤታችን የሚታወቀው በአንድ ነገር ነው፤ ሰካራም ነው። መቼም ልጅ የሰማውን ያምናል፤ እኔም አምኜ ነው ያደግኩት። የሚገርመው ታዲያ ስንት እንደሚጠጣ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሌላው አምስት ስድስት አንኮላ ጠላ ጨልጦ፣ ባለቤቱን መርቆ፣ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ በሰላም ወደ ቤቱ ይሄዳል። አያ የመጀመሪያዋን አንኮላ ሳያጋምስ ምላሱ ይተሳሰራል። ይስቃል፣ ወዲያው ያለቅሳል፣ ወዲያው ደግሞ ይቆጣል። አንዳንድ ቀን መሬት ላይ ወድቆ ይንፈራገጣል፤ ያን ጊዜ ክብሪት ተጭሮ ጭሱን ያሸትቱታል። እኛን «ዞር በሉ፣ ይጋባባችኋል» ይሉናል።

ከማኅበሩ የወጣበትን ቀን አስታውሰዋለሁ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ቄሱ ጽዋውን ባርከው እንደተቀመጡ አያ ብድግ አለና ሙሴውን፣ ማለትም የማኅበሩን መሪ፣ ስለ አንድ የድንበር ድንጋይ ጠየቀው። ድንጋዩን ማን በሌሊት እንዳንቀሳቀሰው ሰው ሁሉ ያውቃል። ሰው ሁሉ ያውቃል ግን ማንም አይናገርም። የጎጃም ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሊናገር ከፈለገ በሰምና ወርቅ ይናገረዋል፤ የቅኔ አገር አይደለን? አያ ግን ወርቁን ራቁቱን ነበር የሚያወጣው። አሁን ሳስበው የተመታው ሰሙን የሚያለብስበት ቦታ ላይ ነው። በሚቀጥለው ወር ጽዋው ቤቱን ዘሎ አለፈ። ተራው የሱ ነበር። እናቴ ብቅሉንና ጌሾውን አዘጋጅታለት ነበር።

እንዴት ተመታ? በቤተሰባችን ሁለት ታሪክ አለ።

የቢቸናው ታሪክ እንዲህ ነው። በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ፤ ቁጥሩ 255 ነው። አዋጁ ገበሬው ካመረተው ተገምቶ እንዲከፍል የሚል ነው። ለጎጃም ገበሬ ግን «ግምት» የሚለው ቃል ብቻውን ይበቃዋል። ገማች መጣ ማለት ነገ ቀላድ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ርስቴ ይሄዳል ማለት ነው። ከዚያ በፊትም በ1934ና በ1940ዎቹ መጀመሪያ በግብርና በመሬት ጉዳይ ጎጃም ተነስቶ ነበር፤ ነገሩ አዲስ አልነበረም። በጠቅላይ ግዛቱ ላይ የተሾሙት ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ነበሩ። አመፁ በሞጣና በቢቸና አውራጃዎች በረታ። ገማቾች ተባረሩ፤ ፖሊስና ነጭ ለባሽ ተላከ፤ በኋላም አውሮፕላን መንደር ደበደበ። ከአምስተኛው ዓመት የነፃነት ድል ወዲህ የንጉሡ አውሮፕላን የንጉሡን ገበሬ ሲደበድብ ያየ ሰው፣ እድሜ ልኩን ያንን ሲያወራ ይኖራል፤ የእኛም ሽማግሌዎች ሲያወሩት ኖረዋል። በመጨረሻ አገረ ገዢው ተነሡ፣ ውዝፉ ግብር ተሰረዘ። የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንን አመፅ ከትግራይና ከባሌ አመፆች ጋር አሰልፈው መርምረውታል። አባቴ እንደሚለው አያ በዚያ ግርግር በጠመንጃ ሰደፍ አናቱን ተመታ፤ ሦስት ቀን አልነቃም።

የሞጣው ታሪክ የአክስቴ ነው። ሞጣ ያገባችው የአያ ታናሽ እህት ናት። እሷ እንደምትለው በዚያው ዘመን ሞጣ አጠገብ ሠርግ ነበር፤ ጠላውም አረቄውም ነበር፤ ሁለት ጎረምሶች ሲጣሉ አያ ሊገላግል ገብቶ ሽመል አረፈበት። «አባትህ ሰደፍ ያለው ለማማሩ ነው» አለችኝ።

የትኛው እንደሆነ ዛሬ የሚያረጋግጥልኝ የለም። አንድ ነገር ግን ታዘብኩ። ቤተሰቡ አያን ማክበር ሲፈልግ ሰደፉን ያነሳል፤ ሲያፍርበት ሽመሉንም ሰደፉንም ረስቶ አንኮላውን ያነሳል። ቢቸና ሲባል ሰው ወዲያው በላይ ዘለቀን ያስባል፤ በጀግና ጥላ ሥር የሚኖር መንደር ለቆሰለ ሰው ቦታ ያለው ቁስሉ የሚተረክ ሲሆን ነው። እግሩ የጎደለ አርበኛ ቁስሉ ይታያል። የአያ ቁስል በፀጉሩ ሥር ነበር።

የእኔን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ የሚተረክ ነገር የለውም። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ከቆመ የጭነት መኪና ጋር ተላተመ። ግማሽ ቀን ራሴን ሳትኩ። ሰባት ቦታ ተሰፋሁ፤ ሲቲ ስካን ተነሣሁ፤ «ደህና ነህ» ተብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በሁለተኛው ወር የጓደኛዬ ሠርግ ሆነ። ድሮ አራት ቢራ ጠጥቼ ሚዜዎቹን አሰልፌ የማስጨፍር ሰው፣ ግማሽ ጠርሙስ እንደጠጣሁ አዳራሹ ዞረብኝ። የሙዚቃው ድምፅ ጥርሴን አሳከከኝ። ለሙሽራው አባት ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም፤ የሰሙት ግን ያስታውሳሉ። በማግሥቱ ጓደኛዬ ደውሎ «ምን ነክቶህ ነው እንዲህ የሰከርከው?» አለኝ። ግማሽ ጠርሙስ ነው ብለው ሳቀ። ማን ያምናል?

ሐኪሙ አመነኝ። ነገሩን ያስረዳኝ እንዲህ ነው። አልኮል አንጎልን ሲይዝ መጀመሪያ የሚያላላቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው፤ ራስን መግታት፣ ማመዛዘን፣ ሚዛን ጠብቆ መቆም፣ አጥርቶ መናገር፣ የሆነውን መያዝ። ጭንቅላት ሲመታም ብዙ ጊዜ የሚጎዱት እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ የተጎዳ አንጎል ቀድሞውኑ ከአቅሙ በታች እየሠራ ሳለ አልኮሉ የተረፈችውን ትንሽ አቅም ይወስድበታል። ድሮ አራት የቻለ ሰው ዛሬ በግማሽ ይሸነፋል። ሁለተኛው ነገር የሚጥል በሽታ ነው። ከከባድ የጭንቅላት ጉዳት በኋላ፣ አንዳንዴም ዓመታት ቆይቶ ይመጣል። መጠጥ፣ በተለይም ብዙ የጠጡት ከሰውነት ሲወጣ፣ ይቀሰቅሰዋል። ሦስተኛው መድኃኒቱ ነው። በየጤና ጣቢያው በብዛት የሚሰጠው ፌኖባርቢታል እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ለሚጥል በሽታ ሲያገለግል የኖረ፣ ርካሽና ጠቃሚ መድኃኒት ነው፤ ግን እሱም እንደ አልኮል አንጎልን የሚያፈዝ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ትንፋሽ እስከማቆም ሊያደርሱ ይችላሉ። ይህንን የሰማ ሰው በጠላ ላይ አይቀልድም፤ ጠላ ከመቶ ከ2 እስከ 6 እጅ ገደማ፣ ዳግም አረቄ ደግሞ ከ40 በላይ አልኮል እንዳለው ሲያስብ ከአረቄውማ ይሸሻል።

እየሰማሁት ሳለሁ ግን በዓይኔ የመጣው ሐኪሙ አልነበረም። አያ ነበር።

እርግጥ በ1960 ዓ.ም. ይህንን ለአያ ሊነግረው የሚችል ሰው ከየት ይመጣል? ሲቲ ስካን የሚባለው መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ጭንቅላት ያነሣው እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ ነው። እዚህ አገር ውስጥ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ነው። በሰፊው ዓለም እንኳ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ጠባዩ እንደሚለወጥ ሐኪሞች የተከራከሩበት ፊኒያስ ጌጅ የሚባል የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1848 አሜሪካ ውስጥ የብረት ዘንግ ጉንጩን ገብቶ በአናቱ ወጣ። ሰውዬው ተረፈ። ጭምቱና ታማኙ ሰው ግን ተሳዳቢና ግትር ሆነ ይባላል። እሱን ያከመው ሐኪም ጻፈለት። የአያን ማን ይጻፍ?

በ2002 ዓ.ም. ሞጣ ወርጄ አክስቴን ጠየቅኋት። ሽመሉን የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው። ቀጥላም የበለጠውን ነገረችኝ። አያ እሷ ቤት ሰክሮ አያውቅም። ዓመት በዓል ሲውል፣ ሠርግ ሲኖር ይመጣል፤ ከሰው መሀል ይቀመጣል፤ ብርሌ ይይዛል፤ ያወጋል፣ ይመርቃል፣ ይሄዳል። እንዴት? ብርዝ ነበር የምትቀዳለት። ማርና ውሃ፣ ጌሾ ያልነካው። በብርሌ ሲታይ ከጠጅ ማን ይለየዋል?

«አንቺ እንዴት አወቅሽ?» አልኳት።

«አንተ ልጅ፣ ጣራው ለተቀደደ ቤት ካፊያም ዶፍ ነው» አለችኝ። «ለእስላም ጎረቤቶቼ ብርዝ አላስቀምጥም? አንድ ብርሌ ለወንድሜ ብቀንስለት ምን ይጎድላል?»

ሐኪሜ ሦስት ነጥብ አድርጎ ያስረዳኝን ይህች ፊደል ያልቆጠረች ሴት በአንድ ጣራ ጨረሰችው። አገሩ መልሱን ይዞት ነበር ማለት ነው። እስቲ እናስብ። ሞጣ ብዙ ሙስሊም ነጋዴ የኖረባት ከተማ ናት፤ ክርስቲያኑ ሲድር «የእስላም ቤት» ብሎ ለብቻ ያርዳል፣ ብርዝና ቃሪቦ ያስቀምጣል፤ ማንም «ለምን አትጠጣም?» ብሎ አያፋጥጣቸውም። (በታኅሣሥ 2012 በዚያችው ሞጣ መስጊዶች መቃጠላቸውን ሳስብ የብርዙ ጋን ሁሉን ነገር አይሸፍንም እላለሁ፤ ያም ሆኖ ጋኑ ነበር።) ስለት ያለበት አይጠጣም፤ ይከበራል። ንስሐ የገባ ለጊዜው ይተዋል፤ ይመረቃል። መነኩሴ ቢተው ማንም አይደነቅም። በአንድ ቃል፣ ያለ መጠጥ ሰው ሆኖ መቀመጥ በጎጃም የታወቀ ነገር ነው። ያልታወቀው በሃይማኖት ሳይሆን በጭንቅላቱ ምክንያት የማይጠጣ ሰው ነው። እግሩ የተቆረጠውን ዝለል የሚለው የለም። ሙሉ ሰው መስሎ የተቀመጠውን ግን «ጨርሳት እንጂ! ንቀኸን ነው?» እንለዋለን።

ሌላም ጣጣ አለ። ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው ሳይጠጣም የጠጣ ይመስላል። ሲደክመው ቃል ይጠፋበታል፤ እግሩ ይደናቀፋል፤ የቅርብ ዘመዱን ስም ይረሳል። ሰላምታው እንደ ደጀ ሰላም በሚረዝም አገር የሰው ስም መርሳት ትዕቢት ነው። እኔ ለራሴ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ በለቅሶ ቤት ስንተባተብ «ጀመረው ደግሞ» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ ከሻይ ሌላ አልቀመስኩም። የሚጥል በሽታውም እንዲሁ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ባደረጉት ጥናት ከሺህ ሰው አምስት ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት አሳይተዋል፤ ብዙው ሰውም ነገሩን ከርኩስ መንፈስ እንደሚያያይዘውና እንደሚጋባ አድርጎ እንደሚፈራው ተመዝግቧል። ቡታጅራ ከቢቸና ይርቃል፤ «ዞር በሉ፣ ይጋባባችኋል» ግን አንድ ዓይነት ነው።

መጠጥ ይጥፋ እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ጠላ ባይኖር ደቦውም ማኅበሩም እንዴት ይሆን ነበር ብዬ የማስብ ሰው ነኝ፤ ሽታው ዛሬም ያስጎመጀኛል። ሰባኪም አይደለሁም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። አያ በ1978 ዓ.ም. ሲሞት የቀበረው ዘመድ እንጂ ማኅበር አልነበረም። እኔም ቆሜ አይቻለሁ፤ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ አላለቀስኩም። ሰካራም ነዋ የሞተው።

በ2009 ዓ.ም. ሚያዝያ 23 ቢቸና ነበርኩ። የአያ ልጅ ያንኑ ማኅበር ተመልሶ ገብቷል፤ ተራው ደርሶ ቤቱ ሰው ሞልቷል። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ጆሯቸው ከብዷል፤ አንኮላዬን ባዶውን እንደያዝኩ አዩና ጮክ ብለው ሙሴውን ጠየቁ፤ «ይኼ የወንድምዬው ልጅ ማኅበር አይጠጣም እንዴ?»

ሙሴው «ይጠጣል» አለና የብርዙን ጆግ አነሳ።