ዱክ ኤሊንግተን የቢሊ ስትሬሆርንን ስም ሲጠራ

የሙዚቃ ደራሲው ቢሊ ስትሬሆርን በምግብ ቧንቧ ካንሰር ታሞ እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 1967 ኒው ዮርክ ውስጥ ሲያርፍ ገና 51 ዓመቱ ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራውን ይዞ ስቱዲዮ ገባ። ለወዳጁ አዲስ ሙሾ አልደረሰለትም፤ የሟቹን የገዛ ራሱን ድርሰቶች አንድ በአንድ አስቀረጸ እንጂ።

ሁለቱ የተዋወቁት በ1938 መጨረሻ ፒትስበርግ ከተማ ነው። ስትሬሆርን መድኃኒት ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ የ23 ዓመት ወጣት ነበር። ኤሊንግተን ስታንሊ ቲያትር ሊጫወት በመጣ ጊዜ ከመድረክ ጀርባ አገናኟቸው። ወጣቱ ፒያኖው ላይ ተቀመጠና የኤሊንግተንን «ሶፊስቲኬትድ ሌዲ» መጀመሪያ ልክ ደራሲው እንደሚጫወተው፣ ቀጥሎ ደግሞ እርሱ ራሱ እንደሚሰማው አድርጎ ተጫወተው። ኤሊንግተን ሃርለም ወደሚገኘው ቤቱ የሚያደርሰውን የባቡር መንገድ ነገረው። «ቴክ ዘ ኤ ትሬይን» («የኤ ባቡርን ያዝ») የተባለው የስትሬሆርን ዜማ የመጣው ከዚያ የባቡር አቅጣጫ ነው።

ዜማውን ለዓለም ያሰማው ደግሞ አንድ የክፍያ ውዝግብ ነበር። ከጃንዋሪ 1941 ጀምሮ የአሜሪካ ራዲዮ ጣቢያዎች «አስካፕ» ከተባለው የደራስያን ማኅበር ጋር ስላልተስማሙ የአባላቱን ሥራ ማሰማት አቆሙ። ኤሊንግተን አባል ስለነበር የራሱ ዜማዎች ታገዱ፤ ስትሬሆርን ግን አባል አልነበረም። በፌብሩዋሪ 1941 የተቀዳው «ቴክ ዘ ኤ ትሬይን» የኦርኬስትራው መለያ ሆነ። ብዙ አድማጭ ግን ደራሲው ራሱ ኤሊንግተን ይመስለው ነበር።

ሥራቸውም እንዲህ የተጣመረ ነበር። ኤሊንግተን በጉዞ ላይ ሳለ ስልክ ደውሎ የጀማመረውን ሐሳብ ይነግረዋል፤ ስትሬሆርን ኒው ዮርክ ተቀምጦ ይጨርሰዋል። እንዲህ እየተባለ 28 ዓመት አለፈ። በዚህ ሁሉ ዘመን የታላቁ ስም ከፊት፣ የታናሹ ከኋላ ነበር፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይነሳም።

ከኦገስት እስከ ኖቬምበር 1967 ለአርሲኤ ቪክተር የተቀዳው አልበም ይህን ቅደም ተከተል ገለበጠው። ርዕሱ «እናቱ ቢል ትለው ነበር» የሚል ሲሆን በውስጡ ያሉት ዜማዎች የስትሬሆርን ድርሰቶች ናቸው። «ብለድ ካውንት» ሆስፒታል ተኝቶ ጽፎ የላከው የመጨረሻ ሥራው ነው። ይህን የሚጫወተው ስትሬሆርን ለዓመታት ብዙ ውብ ዜማ የጻፈለት የአልቶ ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆኒ ሆጅስ ነው፤ ሐዘኑን ሳይደብቅ ይነፋዋል። «ሎተስ ብሎሰም» ደግሞ ሳይታቀድ የተቀዳ ነው። ተጫዋቾቹ መሣሪያቸውን እየሰበሰቡ ሳለ ኤሊንግተን ብቻውን ፒያኖውን ይዞ ቀረ፤ ከጀርባው የሰዎቹ ድምፅ ይሰማል። ኤሊንግተን «ስትሬሆርን ከሁሉ በላይ መስማት ይወድ የነበረው ይህን ስጫወት ነው» ሲል ተናግሯል። አልበሙ በ1969 የግራሚ ሽልማት አገኘ።

ኤሊንግተን ወዳጁን መጥራቱን አላቆመም። በጃንዋሪ 1968 በኒው ዮርኩ የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ባቀረበው ሁለተኛው መንፈሳዊ ኮንሰርት ላይ ስትሬሆርን የኖረባቸውን አራት ነጻነቶች ዘረዘረ፦ ከጥላቻ፣ ለራስ ከማዘን፣ ለሌላው ከራስ ይልቅ የሚጠቅም ነገር እንዳያደርጉ ከመፍራት፣ ራስን ከወንድም አብልጦ ከማየት ኩራት ነጻ መሆን።

በ1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1973) ኤሊንግተን አዲስ አበባ መጥቶ ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር ሲገናኝና ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ኒሻን ሲቀበልም የኦርኬስትራው መለያ ዜማ ያው የስትሬሆርን ድርሰት ነበር። በተከታዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 24 ቀን 1974፣ እርሱም አረፈ። ኤሊንግተን በአልበሙ የጀመረውን ሥራ ተመራማሪዎች ቀጠሉበት። የሆላንዱ ምሁር ቫልተር ቫን ደ ለር የእጅ ጽሑፎቹን እየለየ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በኤሊንግተን ስም ይታወቁ ከነበሩት ቅንብሮች ውስጥ የስትሬሆርን የሆኑትን ለባለቤታቸው መለሰ።