በትምህርት ቤት በር ላይ የምትጠብቅ እናት

ከአባሎቻችን መካከል ጠዋት ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ ወደ ሥራዋ የማትሄድ እናት አለች። እዚያው በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። ልጅቷ ስፓይና ቢፊዳ ከሚባለው የጀርባ አጥንት ክፍተት ጋር ስለተወለደች ሽንቷ በየሦስት አራት ሰዓቱ በቀጭን ቱቦ፣ በካቴተር፣ መውጣት አለበት። ሥራው ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ የእናቲቱን ቀን ግን ሙሉውን ይወስደዋል። ስለዚህ የጉዳዩን ታሪክ ልናካፍላችሁ ወደድን።

አሜሪካዊው ሐኪም ጃክ ላፒደስ እ.ኤ.አ. በ1972 ካቴተሩ ንጹሕ ከሆነ እንደሚበቃ፣ እንደ ቀዶ ሕክምና መሣሪያ ከጀርም ሁሉ የጸዳ መሆን እንደማያስፈልገው ጻፈ። ሥራው ከሆስፒታል ወጥቶ በእናቶች እጅ ገባ። በ1975 ደግሞ የአገሪቱ ሕግ አካል ጉዳተኛ ልጆች በነጻ እንዲማሩ አዘዘ። ነገር ግን በቴክሳስ ኢርቪንግ ከተማ አንዲት ትንሽ ልጅ ይህ እርዳታ ሲያስፈልጋት፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ «ይህ ሕክምና ነው» ብሎ እምቢ አለ። ወላጆቿ ከሰሱ። ዓመታት ከፈጀ ክርክር በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1984 ፈረደላቸው። ሐኪም ያልሆነ ሰው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ሥልጠና የሚችለው ሥራ ነው፤ ያለ እሱ ልጅቷ ክፍል ውስጥ መቆየት አትችልም አለ።

በ1999 ደግሞ በአዮዋ ግዛት በመሣሪያ የሚተነፍስ ተማሪ ጉዳይ ቀረበ። መዋዕለ ሕፃናት ሳለ አክስቱ አብራው ትውል ነበር፤ እስከ አራተኛ ክፍልም ወጪውን የቻለው ቤተሰቡ ነው። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ «ወጪው ከባድ ነው» ቢልም፣ ፍርድ ቤቱ 7 ለ2 በሆነ ድምፅ ኃላፊነቱን በእሱ ላይ ጣለ። ሐኪም ራሱ መሥራት የሌለበት እርዳታ ሁሉ፣ ልጁ እንዲማር አስፈላጊ እስከሆነ ድረስ፣ የትምህርት ቤቱ ድርሻ ነው ማለት ነው።

ያ ፍርድ የእኛን አገር አይገዛም። ጥያቄው ግን የእኛም ነው፦ ይህን ሥራ ከእናት በቀር ማን ሊማረው ይችላል? እኛ የምንፈልገው በየትምህርት ቤቱ ሁለት ፈቃደኛ ሴቶች በጤና ባለሙያ እንዲሠለጥኑ፣ የሚዘጋ ንጹሕ ክፍልና የእጅ መታጠቢያ ውኃ እንዲኖር፣ የልጅቷ ሰዓትና የአደጋ ጊዜ ስልክ በወረቀት እንዲሰፍር ነው። ሁለት የሆኑትም አንዷ ስትቀር ልጅቷ እንዳትቀር ነው።

ልጅቷ ትማር፤ እናቷም ወደ ሥራዋ ትመለስ።